«አጥፋ» የሚለው ቃል

ጌንት ከተማ፣ ከብስክሌት ጠጋኙ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣
መስኮቱ የማይከፈት፣ ዝናቡ የማያልቅ።
እናቴ በስልክ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ
«ዓይን ለሌለው ሠራተኛ የትኛው ዕቃ ለምን እንደሆነ እጽፋለሁ» አልኳት፤
ዓይነ ስውር መስሏት «ጽድቅ ነው ልጄ» ብላ መረቀችኝ።

እኔም አላረምኳትም።

ዓይን የለውም፣ እጅ ግን አለው፤ ሌሊት አይተኛም፣
የማስታወቂያ በጀት ያነሣል ይጥላል፣ ለምሳ አይወጣም።
ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ እኛ «ወኪሉ» ነው የምንለው፣
መዶሻን በክብደቱ ሳይሆን በጻፍኩለት ቃል ነው የሚለየው።

«በፈለግሽው ቋንቋ ጻፊ» አለኝ ሊቨን፣ «ሁሉንም ያነባል።»
ደስ አለኝ። በአማርኛ ጻፍኩ። ሁለት መስመር፣ አጭር፣ ያምራል፦
አንደኛው፣ «ዘመቻን ያቆማል።»
ሁለተኛው፣ «ዘመቻን ያጠፋል።»

ዘመቻ! አባቴ የዘመተው ስንቁን ቋጥሮ፣ እናቱን ተሰናብቶ ነበር፤
እዚህ ዘመቻ የወይዘሮ ጎደሊቭ የዝናብ ካፖርት ነው፣
ቢጫ፣ ባለ ኮፍያ፣ ባለ ስድስት ቁልፍ፣
በቀን አርባ ዩሮ፣ ከሐሙስ እስከ እሑድ፣
ከሠላሳ ዓመት በላይ ለሆነ፣ ብስክሌት ለሚወድ።

ኅዳር ላይ፣ ማክሰኞ፣ መጋዘኗን ውሃ ገባው፤
«እስኪደርቅ ድረስ፣ ለጊዜው፣ ማስታወቂያውን...» ብላ ጻፈች፤ ወኪሉ አነበበው።
ሁለቱን መሣሪያ አየ። አሰበ፣ ያ ማሰብ ከተባለ፤
ማቆም፦ ድንኳን ማቆም፣ ምሰሶ ማቆም፤ መትከልም አለ።
ማጥፋት፦ ሲመሽ መብራት ማጥፋት፣ ነገ መልሶ ሊበራ።
ትክክል ነበር። በእኔ አማርኛ፣ ትክክል ሠራ።

«ጠፍቷል» ብሎ መለሰ።

ሦስት ዓመት ጠፋ፤ ሥዕሉ፣ ቁጥሩ፣
ማን በየትኛው ዝናብ እንደገዛ፣ ከነሰፈሩ።
ጎደሊቭ አልጮኸችም። «የመጀመሪያው ፎቶ» አለች፣
«ድልድዩ ላይ ካፖርቱን ለብሶ የቆመው ሟቹ ባሌ ነው፤
ሌላ ቅጂ የለኝም።» ስልኩን ማን ቀድሞ እንደዘጋው እንጃ።
ሊቨን ካሮጌ ኢሜይል አንድ ፈልጎ አወጣ፤
ደብዛዛ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል፣ ፊቱን ኮፍያው የሸፈነው።

ለሁለት ፊት ቃል ከመቀመጫው የሚነሣ አገር ልጅ ነኝ፤
ወርቁ ባመለጠው ሰው ሲሳቅ አብሬ የሳቅኩ ነኝ።
ይህ ግን ቅኔ ቤት አልዋለም፤
ቃሌን አምኖ ነው እጁን የሰደደው።
ባመነኝ ላይ እንዴት ልሳቅ?

ማታ በወንዙ ዳር ሄድኩ። የወንዙን ስም እነርሱ ሲጠሩት
በእኔ ጆሮ «ለይ» ይመስላል። አራት ዓመት ሙሉ ስም ብቻ ነበር፤
ያን ማታ እንደ ትእዛዝ ሰማሁት።

ለይ።

በማግስቱ እንደገና ጻፍኩ። ቤት አይመታም፤ እንዳይመታም ተጠንቅቄአለሁ፦

«ይህ መሣሪያ ማስታወቂያው ለሰው እንዳይታይ ያደርጋል።
ምንም አይሰርዝም። ሥዕሉም ቁጥሩም ባለበት ይቀመጣል፤
ነገ፣ ወይም ከዓመት በኋላ፣ መመለስ ይቻላል።
ባለቤቱ "ለጊዜው" ሲል፣ "እስክደውል" ሲል፣ ይህን አንሣ።
ለዘላለም መሰረዝ ከተፈለገ መሣሪያው ሌላ ነው፤
እርሱን ከማንሣትህ በፊት ግን ሰው ጠይቅ፤
መልስ እስኪመጣ ጠብቅ።
ዝምታ እሺታ አይደለም።
ካልገባህ "አልገባኝም" በል። አያስነውርም።»

«ረዘመ» አለኝ ሊቨን።
ይርዘም።

ጎደሊቭ በጥር መጋዘኗን ከፈተች። ፎቶውን አሳድጋ
መስኮቷ ላይ ሰቅላዋለች፤ ከሩቅ ቢጫ ብቻ ነው የሚታየው።

እናቴ ትናንት ደወለች።
«ያ ዓይነ ስውር ሠራተኛሽ ደኅና ነው?»
ደኅና ነው፣ እማ።
ደረጃው ስንት እንደሆነ ነግሬዋለሁ።